ቅጠል ያወጣ ችካል

አሸዋ ሽታ የለውም የሚል ሰው አሸዋ ሰፈር አላደገም ማለት ነው። ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ መቱ ሄጄ ከድልድዩ በታች ያለውን ቁልቁለት ስወርድ፣ አንድ ገልባጭ መኪና ከወንዝ የወጣ እርጥብ አሸዋ መንገድ ዳር ዘርግፎ ሄደ። ከክምሩ ሥር ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቆምኩ። የዛገ ብረት፣ የበሰበሰ ቅጠልና ትንሽ የልብስ ሳሙና ይሸታል። ሳሙናው ከአሸዋው ይሁን ከእኔ አላውቅም። ብቻ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩበት ዓመት ከነጭቃው ተነሥቶ አጠገቤ ቆመ።

አሸዋ ሰፈር፣ መቱ ቁልቁል ወርዳ ወርዳ ሲደክማት የምትቀመጥበት ቦታ ነው። የሶር ወንዝ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ የተሸከመውን አሸዋ እኛ ደጅ ያራግፋል። እኔ አሸዋውን ከላይ ያለው የሶር ፏፏቴ ድንጋይ ፈጭቶ የሚልክልን ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ውሃው ጸጥ ያለ ቀን፣ ፏፏቴው ዛሬ ወፍጮውን አቁሟል እል ነበር። ቅዳሜ ሴቶቹ ልብስ አጥበው አሸዋው ላይ ያሰጣሉ፤ እሑድ የከተማው ጎረምሶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከሁሩሙ የሚመጡ የሚኒባስ ረዳቶች መኪናቸውን እያጠቡ ዘፈን ይከፍታሉ። ማዶ ያሉት ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ዛፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ተደርድረው ያዩናል።

የሰፈሩ አቀማመጥ ቀላል ነበር። ከላይ የእድር ቤቱ፣ ቀጥሎ የእኛ ቤት፣ ከእኛ በታች የኦቦ ቶሎሳ ቤትና የቡና ማሳ፣ ከማሳው በታች የእትዬ ዘውዴ ቤት። ከዚያ በኋላ አሸዋና ሶር ብቻ።

እትዬ ዘውዴ ጠጅ ጣይ ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው መቱ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አግብተው፣ ባላቸውንም እዚሁ ቀብረዋል። ሲናደዱ በኦሮምኛ፣ ሲጸልዩ በአማርኛ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ቡናቸውን የሚወዱ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ጢማቸውን ሁልጊዜ የሚላጩ ጴንጤ ነበሩ። የእትዬ ዘውዴ ጠጅ ማር ከኦቦ ቶሎሳ ቀፎ ነው የሚመጣው፤ ጠጁን ግን ኦቦ ቶሎሳ አንድም ቀን ቀምሰውት አያውቁም።

«ማሩ ከእኔ ቤት ሲወጣ አማኝ ነበር፤» ይሏቸዋል። «አንቺ ነሽ ያሰከርሽው።»

«ያንተ ማር ድሮም ቀጥ ብሎ አልሄደም፤» ይመልሳሉ እትዬ ዘውዴ። «ጌሾ ገና ሳላሳየው ነው የሚንገዳገደው።»

ሰላም ሲሆኑ አንተና አንቺ ይባባላሉ። ሲጣሉ ሁለቱም ጨዋ ይሆኑና እርስዎ ማለት ይጀምራሉ። እኛ ልጆች የሰፈሩን አየር የምናውቀው በዚህ ነበር።

የእኔ ሥራ ለእትዬ ዘውዴ ውሃ መቅዳት ነበር። እናቴ ናት ያዘዘችኝ፤ «ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንቺ ደግሞ ሲያስቀምጡሽ አትቀመጪም፤ ቢያንስ ስትሮጪ ውሃ ይዘሽ ሩጪ» ብላ። ወንዙ ዳር አሸዋውን በእጃችን እንቆፍራለን፤ ትንሽ ጠብቀን ከጉድጓዱ ሥር ጠርቶ የሚወጣውን ውሃ በጣሳ እየጨለፍን ትንሿን ቢጫ ጀሪካን እንሞላለን። ለጠጅ የሚሆን ውሃ ይኸ ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሶር አሸዋውን ይውጠዋል። ያን ጊዜ በቅርብ ያለው ቡናማ ውሃና የዛገ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ በሁለቱም የተጣለ ጠጅ ሆድ ይነፋል፤ ደንበኛም ያባርራል።

የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር የመጣው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። እድር ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰበሰበ። ከተማው ሊሰፋ ነው ተባለ። የከተማ ወሰን የሚገባ ሰው የቧንቧ ውሃ ይደርሰዋል፤ ቦኖ ይቆምለታል፤ ወደፊትም መንገድ ይወጣለታል። ከወሰኑ ውጭ የሚቀር በገበሬ ቀበሌው ሥር እንዳለ ይቀጥላል፤ መሬቱን ያርሳል፤ የሚነካው የለም። ሰዉ ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ ዝም አለ። ማን እንዳጨበጨበ አይቼ ማን ቡና እንዳለው ማወቅ እችል ነበር።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ገመድ ይዞ ወረደ፤ እኛም ከኋላው እየዘፈንን ተከተልነው።

«ኢንጂነሩ መጣ ገመዱን ጠቅልሎ፣
ሶርን ሊሻገር ነው ሱሪውን ሰቅሎ።»

ግጥሟን ያወጣኋት እኔ ነበርኩ። እሱም ሰምቶ ሱሪውን ዝቅ አደረገ።

ችካል ሲያስፈልግ ጣጣ መጣ። የሲሚንቶው ችካል ገና አልደረሰም። ኢንጂነሩ የባሕር ዛፍ አጣና ፈለገ፤ ቅርብ የሚገኝ የለም። ኦቦ ቶሎሳ ገጀራቸውን አንሥተው ከአጥራቸው ላይ ወለንሱ ቆርጠው አመጡለት። ወለንሱ አማርኛው ኮርች የሚለው፣ ግንዱ እሾህ ያለው፣ አበባው እንደ ፍም የሚቀላ ዛፍ ነው። እኛ አገር አጥርም የቡና ጥላም እሱ ነው።

«ይሄ ይሆናል?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ችካል ችካል ነው፤» አለ ኢንጂነሩ።

ከሰፈሩ ሰው አንድም «እርጥብ እንጨት እኮ ነው» ያለ አልነበረም። አጥራችን ሁሉ እርጥብ ተተክሎ የበቀለ ነው፤ ለእኛ እንጨት መትከል ማለት እሱ ነው። ሌላ ዓይነት ችካል ያየ ሰው አልነበረም። ኢንጂነሩ ጫፎቹን ቀይ ቀለም እየቀባ አስተከለ። አንዱ ችካል ልክ ከኦቦ ቶሎሳ በር በላይ፣ በእኛና በእሳቸው መሃል ዋለ። እኛ ውስጥ ሆንን። ኦቦ ቶሎሳና እትዬ ዘውዴ ውጭ ቀሩ።

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን አራግፈው ፈገግ አሉ። እትዬ ዘውዴ ችካሉን አዩ፣ ቁልቁል ቤታቸውን አዩ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ።

እኔ ወሰን ምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። አንድ እግሬን ወዲህ፣ አንድ እግሬን ወዲያ አድርጌ ቆሜ የቱ እግሬ እንደሚበርደው አዳመጥኩ። ዝናብ ሲመጣ ችካሉ ጋ ሲደርስ ያቆም እንደሆነ ለማየት ሮጬ ወጣሁ፤ በስብሼ ተመለስኩና እናቴ ተቆጣችኝ። ያልለቀቀኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ውጭ የተባለ ሰው ይወጣል ማለት ነው ብዬ ነበር። ጀሪካኗን ሳደርስላቸው እትዬ ዘውዴን ጠየቅኳቸው፦

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«የት?»

«ውጭ።»

ጋኑን የሚያጥቡበትን እጃቸውን አቆሙ። «እኔ የትም አልሄድም፤» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ለራሳቸው፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ኦቦ ቶሎሳ አጥር ሄዱ። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ።

«አብረን ሄደን ወሰኑን ወደ ታች አውርዱልን ብንላቸውስ?» አሉ። «አንተ ካልገባህ እኔ አልገባም። መሃላችን ያለው ያንተ ማሳ ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ የያዙትን የቡና ቅርንጫፍ ለቀቁ። «ዘውዴ፣ ከተማ ሲሆን ፕላን ይመጣል። ፕላን ሲመጣ ቡናዬ መንገድ ይሆናል። አባቴ ነው የተከለው።»

«እኔ ደግሞ ውሃ ነው የጠየቅኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ጉልበቴን ታያለህ።»

«አያለሁ።»

እትዬ ዘውዴ ከአጥሩ እጃቸውን አነሡ። «እሺ ኦቦ ቶሎሳ፤» አሉ። «ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት።»

እንግዲህ እርስዎ ገባ። ያን ክረምት የመሰለ የጨዋነት ክረምት አላየሁም። ማሩ አልቀረም፤ ግን በእኔ በኩል ሆነ። «ይኸን ለወይዘሮ ዘውዴ አድርሺልኝ፤» ይላሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ እትዬ ዘውዴ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው እየሰሙ። «ለአቶ ቶሎሳ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፤» ይላሉ እትዬ ዘውዴ፣ እሳቸው እየሰሙ። እኔም በሩን ዞሬ፣ የተሰማውን ነገር እንደ አዲስ ለየራሳቸው እነግራቸው ነበር።

ዝናቡ ያዘ። ሶር አሸዋውን ዋጠ፤ አልፎም የእትዬ ዘውዴ ጎመን ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዳገቱ ሳሙና ሆኗል። ዳገቱ አናት ላይ ካለው ሩቅ ምንጭ ውሃ ይዤላቸው ስወርድ፣ ከኦቦ ቶሎሳ በር በላይ ያለችው ችካል ማረፊያዬ ነበረች። ጀሪካኔን አስደግፍባትና እጄን እፍ እፍ እላለሁ። አንድ ቀን እዚያው ቆሜ አንድ ነገር አየሁ። ችካሏ ከጎኗ አረንጓዴ ቡቃያ አውጥታለች። በሳምንቱ ቅጠል ሆነ። ሌሎቹም እንደዚያው። ኢሉባቦር እንዲህ ነው፤ ጃንጥላህን ተክለህ ረስተህ ብትሄድ፣ ስትመለስ ጥላዋ ሰፍቶ ትጠብቅሃለች። ቀዩን ቀለም ዝናቡ ካጠበው ቆይቷል።

የተቀዳው ውሃ ግን ለአንድ ጋን እንኳ አይበቃም። ነሐሴ ላይ እትዬ ዘውዴ በቆርቆሮ ውሃ ጣሉ፤ ጠጁ ተበላሸ። ደንበኞቻቸው በጨዋነት ጠጥተው፣ በጨዋነት ሳይመለሱ ቀሩ። እትዬ ዘውዴ ራሳቸው እንስራ ይዘው ወደ ምንጩ ሊወጡ ሲሉ በኦቦ ቶሎሳ አጥር ሥር ወደቁ። እንስራው ተሰበረ፤ ጉልበታቸው አበጠ። ጩኸታቸውን ሰምተው የደረሱላቸው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ተሸክመው ቤታቸው አስገቧቸው፤ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ።

መስከረም ላይ በደሌ የምትኖረው ልጃቸው መጣች። «እማዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ስትል ሰማሁ። «ቧንቧ ካልመጣ ይህ ቤት ይገድልሻል። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ።»

«ጥምቀትን እዚሁ ላክብር፤» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ከዚያ ውሰጂኝ።»

ከዚያ በኋላ ዕቃ መስጠት ጀመሩ። ትልቁን ጋን ለእናቴ፣ ብርሌዎቹን ለእድሩ፣ ለእኔ ማንቆርቆሪያቸውን። ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ወደ ቤት ስወጣ ችካሏን በእግሬ መታኋት። ወትሮም ያልኩት እኮ ነው፤ ኢንጂነሩ የተከላት ቀን እትዬ ዘውዴን አስወጥቷቸዋል። ትልልቆቹ ዘግይተው ነው የገባቸው።

ጥምቀት አለፈ። ልጅየዋ ልትወስዳቸው በመጣችበት ዕለት ጠዋት፣ ቧንቧ ሊዘረጋ ነውና ወሰኑ ይጽና ተብሎ ሰዎች መጡ። የመጀመሪያው ኢንጂነር ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። አዲሷ ወጣት ሴት ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋለች። የሲሚንቶ ችካል የጫነ ጋሪ ከኋላዋ ይንገጫገጫል።

«የእንጨት ችካሎቹ የታሉ?» አለች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ሰዉ ተያየ። ዙሪያው ሁሉ ወለንሱ ነው። የአጥሩም፣ የቡና ጥላውም፣ የችካሉም ቅጠል አንድ ዓይነት ነው።

«ቀይ ቀለም አላቸው ተብያለሁ።»

«ነበራቸው፤» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ታደሰ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ዝናብ ወሰደው።»

«ታዲያ የትኛው ነው ችካሉ?»

«ይበቅላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤» አለ አንዱ።

«ወለንሱ ተክላችሁ?» አለች ኢንጂነሯ፤ ሳቋን አፏ ውስጥ ያዘችው።

ሰፈሩ ግን ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሄጄ እነካት ነበር። እውነተኛዋን የሚጠቁም፣ እትዬ ዘውዴን በደሌ መላኩ ነው። ሌላ የሚጠቁም ደግሞ የኦቦ ቶሎሳን ቡና መንጠቁ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። ታች እትዬ ዘውዴ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ልጃቸው የቤቱን ቁልፍ ትሞክራለች።

ኦቦ ቶሎሳ ከሰዉ መሃል ወጡ። ከበራቸው በላይ ያለችዋን፣ ጀሪካኔን የማስደግፍባትን አለፏት። እንኳን ሊነኳት አላዩዋትም። በቡናው መሃል ወረዱ፤ እየወረዱ በእጃቸው ቅጠሎቹን ይዳስሳሉ፣ ሰው ልጆቹ ተኝተው ሳለ በመሃላቸው እንደሚያልፍ። ሰዉም ተከተላቸው። በእትዬ ዘውዴ ደጃፍ አለፉ፤ አሸዋው ጫፍ ደረሱና በእትዬ ዘውዴ ቤት ጎን እስከዚያ የሚወርደውን የራሳቸውን አጥር መጨረሻ ወለንሱ ጨበጡ።

«ይኸ ነው።»

ኢንጂነሯ ወደ ላይ ዞራ ማሳውን አየችው። «አባ፣ እርግጠኛ ነዎት? ይሄ ከሆነ ቡናዎ በሙሉ ከተማ ውስጥ ይገባል። መንገዱ በዚህ ነው የሚያልፈው።»

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።» ይኸማ እውነት ነበር። በዚያ አጥር ላይ እሳቸው ያልቆረጡት እንጨት የለም። «ልጄ፣ የገዛ ቡናውን የሚያስበላ ውሸት የሚዋሽ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እሷም ወደ ሰዉ ዞረች። «ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው፤» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«ይኸ ነው፤» አለች እናቴ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ፣ በሁለቱም ቋንቋ። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

የሲሚንቶው ችካል እዚያው ተተከለ። አካፋው ድንጋይ ሲመታ፣ እትዬ ዘውዴ ከሻንጣው ላይ በቀስታ ተነሡ። ወሰኑ ከቤታቸው በታች ሆኗል። ወደ ኦቦ ቶሎሳ መጡ፤ ጉልበታቸውን እየጎተቱ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እርስዎ...» ብለው ጀመሩ።

ኦቦ ቶሎሳ ግራ ቀኛቸውን አዩ። «እርስዎ ማነው? እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ።»

እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጃቸው ቁልፉን ይዛ ቆማ «እማዬ፣ መኪናው እኮ...» አለች።

«መኪናው ይሂድ!» አሉ ከነጠላው ሥር። «ሂጂ፣ የሰጠሁትን ትልቁን ጋን ከላይኛው ቤት አምጪልኝ።»

ጋኑ ያን ቀን ተመለሰ። ብርሌዎቹም ተመለሱ። ማንቆርቆሪያውን አልጠየቁኝም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ውሃው የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ቦኖው ከእትዬ ዘውዴ ደጅ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ቧንቧው መጀመሪያ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ፣ አሸዋ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ኦቦ ቶሎሳ ከማሳቸው ውስጥ ሆነው ጮኹ፦ «አዴ ዘውዴ! ቢሻን ኬ ዱፌ!» ውሃሽ መጣልሽ ማለታቸው ነው።

እትዬ ዘውዴ የመጀመሪያውን ውሃ ጠጅ አልጣሉበትም። ማር በጥብጠው ብርዝ አደረጉት፤ ጌሾ ያልነካው፣ የማያሰክር። በብርሌ ሞልተው ይዘው ወጡ። ኦቦ ቶሎሳ ብርሌውን ለብርሃን ከፍ አድርገው መረመሩት።

«አላሰከርሽውም?»

«ጠጣ አንተ ሰውዬ! እንደ አማኝነቱ ነው ያለው።»

ጠጡ። ቡናውን ዞር ብለው አዩ፣ እንደገና ጠጡ። «ማሩ የእኔ፣ ውሃው የከተማ፤» አሉ። «የአንቺ ማማሰያው ብቻ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት የምቀዳው ውሃ አልነበረኝም። እግሬ ግን ለምዶ ወደ ችካሏ ወሰደኝ። ኦቦ ቶሎሳ ገጀራ ይዘው ሥሯ ቆመዋል። ደነገጥኩ።

«ሊቆርጧት ነው?»

«ለምን እቆርጣታለሁ፣ ኢንተላ ኮ?» ልጄ ሲሉኝ እንዲህ ነበር የሚሉኝ። የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች እየመለመሉ ነበር፤ ቡና ጥላ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ወደ ላይ እንድትሄድ። «ጥላ ትሆናለች።»

«ለቡናው?»

አንዲት ቅርንጫፍ መለመሉ። «ለመንገዱ፤» አሉ።

መንገዱ ያኔ አልነበረም። አሁን አለ። ገልባጩ መኪና አሸዋውን ዘርግፎ የሄደው በእሱ ላይ ነው። ወለንሷ ከጣሪያዎች በላይ ወጥታ አብባለች፤ ሥሯ ባጃጆች ቆመው ሰው ይጠብቃሉ፤ ሸክም የያዘች ሴት ታርፋለች። ቦርሳዬን ጀሪካኔን አስደግፍበት በነበረው በኩል አስደግፌ፣ ቀዩ አበባ እስኪራገፍብኝ ድረስ ተቀመጥኩ።